አጥንት መቁጠር ይብቃን፤ ከኤረር በር የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ከጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች ምሥራቁን የያዘችው ኤረር በር ናት። ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሏታል። እንደ ሸዋ በር የባጃጅና የታክሲ ግርግር አይበዛባትም። በሯን ወጣ ሲሉ መንገዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ማለዳ ላይ በዚያው መንገድ የኦሮሞ ገበሬዎችና ሴቶች ጫት፣ ማገዶ፣ ማንጎና ሸንኮራ ተሸክመው ሽቅብ ይመጣሉ። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዘመን ያስገነቡትን ይህን ግንብ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔንም ወደ ሐረር የወሰደኝ ግንቡ ነበር። ኤረር በር ላይ ያቆመኝ ግን የብረት ድምፅ ነው።

ከበሩ ውጪ ወረድ ብሎ፣ ከገበያው ትንሽ ገለል ባለ ቦታ፣ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ላስቲክ በተወጠረበት ዳስ ሥር ይሠራሉ። አንድ ልጅ በሁለት እጁ ወናፉን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ፍሙ እየቀላ፣ እየነጣ ይሄዳል። ሽማግሌው ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ በጉጠት ይዘው ከእሳቱ አወጡና መስፉ ላይ አጋደሙት፤ መዶሻው ሲያርፍበት ብልጭታው ወደ እግራቸው ይረጫል። ጥቂት እንደቀጠቀጡ ማጭድ ሆነ። ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ጮኸ፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። በጎናቸው የተደረደሩት ማረሻ፣ ዶማ፣ መጥረቢያና ቢላ የዚያን አካባቢ እርሻና ማጀት እንዳለ የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች ናቸው።

ሻይ የምታዞር ልጅ መጣች። ለጫት ሻጮቹ፣ ለባለ አህያዎቹ፣ ለእኔም በብርጭቆ ሰጠችን። ለቀጥቃጩ ግን ከዳሱ ምሰሶ ላይ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለች የጣሳ ኩባያ አውርዳ ቀዳችላቸው። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ልጅቷ በክፋት አላደረገችውም፤ የሚደረገው እንደዚያ ስለሆነ አደረገችው።

«አባቴ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። ብረት እስካለ እጅ አያርፍም።»

«ኩባያዋ ለብቻዋ ናት እንዴ?»

ኩባያዋን አዩ፤ እኔንም አዩ። «እዚህ ሁሉም የራሱን ያውቃል» አሉ። ከዚያ ወናፍ የሚነፋውን ልጅ በአገጫቸው አሳዩኝ። «የልጄ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ በስሙ አይጠሩትም፤ ጡምቱ ነው የሚሉት። ማረሻዬን የማይገዛ ገበሬ የለም። ለሴት ልጄ ሽማግሌ የላከ ገበሬ ግን የለም። የመጡት የእኛው ሰዎች ናቸው።»

ጡምቱ በኦሮሞው ዘንድ የብረት ሠሪዎቹ መጠሪያ ነው። ነገሩ ግን የሐረርጌ ብቻ አይደለም። የጉራጌና የከምባታ ፉጋ፣ የከፋ ማንጃ፣ የሲዳማ ሃዲቾ፣ የዳውሮ ማናና ደጋላ፣ የጣና ዳር ወይጦ፣ በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ቱማል፣ ሚድጋንና ይብር የሚባሉት ሁሉ አንድ ዕጣ የተጣለባቸው ሰዎች ናቸው። ሸክላ ይሠራሉ፣ ቆዳ ይፍቃሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ አውሬ ያድናሉ። በጎንደር የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች መሬት በርስትነት እንዳይዙ ተደርገው፣ ቡዳ እየተባሉ ለዘመናት ኖረዋል። ሃይማኖቱ ይለያያል፣ ቋንቋው ይለያያል፣ ሥርዓቱ ግን ያው ነው፤ አብሮ መብላት የለም፣ መጋባት የለም፣ በአንዳንድ ቦታም አብሮ መቀበር የለም። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ይህ ነገር በደቡብ ኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ምን መልክ እንዳለው ተሰብስቦ ይገኛል። ሰውን በትውልዱ ስለሚለየው የህንድ ካስት በቅርብ የምናውቅ ሰዎች ስለዚህኛው ለመስማት ጆሮ የምናጣበት ምክንያት አይገባኝም።

እኔ ያደግሁት ከጨዋ ወገን ነው። የገበያ ቀን ሸክላ ሠሪዋ እንስራና ድስት አዝላ ደጃችን ትመጣለች። እናቴ ሸክላውን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ትከራከራለች፣ ትገዛለች፣ ታሟሸዋለች። ወጣችን የሚበስለው፣ ጠላችን የሚጠመቀው በዚያች ሴት እጅ ሥራ ነው። እሷ ግን ከደጃፉ አታልፍም። ቡና ቢደርስላት የሚሰጣት በተሰነጠቀ ቅል ነው። ከቤታችን ልጅ ሆዱን ሲያመው ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የእሷ ዓይን ነበር። ሽማግሌ ሲላክ እስከ ሰባት ቤት አጥንት ይቆጠራል፤ የእኛ ሲቆጠር ሁሌም «ጥሩ አጥንት» ሆኖ ይወጣ ነበር።

የበላይነት ማለት ይህ ነው። ባለጸጋ መሆን አይደለም፤ እኛ ቤት ሀብት አልነበረም። ማንም ቤት ስትገባ የት እንደምትቀመጥ አለመጨነቅ ነው። የምትጠጣበት ዕቃ የማን እንደሆነ አለማሰብ ነው። በስምህ መጠራት ነው። ልጅህ ሲታመም ጎረቤት አስታሞ ይጠይቅሃል እንጂ፣ የጎረቤት ልጅ ሲታመም አንተን አይጠረጥርህም። ይህን ሁሉ ያለ ሥራ፣ ያለ ዕውቀት፣ ያለ ምግባር፣ በመወለድ ብቻ ታገኘዋለህ። ስላልተቸገርክበትም ያለህ አይመስልህም። ከታች ያለው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በየዕለቱ ያየዋል።

ከኤረር በር ወደ ውስጥ ገባሁ። በጠባቦቹ የጁገል መንገዶች መሀል ለጎብኚ ክፍት ከሆነ አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ወለሉና መደቡ ቀይ ተቀብቷል፤ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው የሐረሪዎች ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። መደቦቹ ደረጃ አላቸው። አሚር ነደባ ለቤቱ ጌታና ለታላላቅ እንግዶች ነው፤ ግድር ነደባ ለቤተሰቡ፤ ጥት ነደባ ለታናናሾቹ። እንግዳ ሲገባ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው ያውቀዋል። ዕድሜና ዕውቀትን የሚያከብር የመቀመጫ ሥርዓት ያምራል። ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ አንድ ቀን ከላይኛው መደብ ይቀመጣል። የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ ግን ቢያድግም ቢማርም የሚጠብቀው መደብ የለም። ክብርንና ካስትን የሚለያቸው ይህ ነው፤ ክብር ይደረስበታል፣ ካስት ግን በር የለውም።

በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ሙዳይና ስፌት ተሰቅሏል። የሐረሪ ሴቶች ስፌት በዓለም የታወቀ ነው። ድሮ የደህና ቤት ልጅ ስፌት ሳታውቅ አትዳርም ነበር፤ ዛሬም ሙሽራ ቤት በስፌት ይደምቃል። የሐረር መጽሐፍ ጠራዦችም ጥበባቸው የከተማዋ ኩራት ነበር። ግድግዳውን እያየሁ የቀጥቃጩ ኩባያ ትዝ አለችኝ። ስፌትም የእጅ ሥራ ነው፣ ብረትም የእጅ ሥራ ነው። አንዱ ቤት ሲያስጌጥ ሌላው ከግንብ ውጪ የቀረው ሥራው ስለሚያቆሽሽ አይደለም፤ ገበሬም እጁ ይቆሽሻል፣ እረኛም ይቆሽሻል። የተናቀው ሥራው ሳይሆን ሠራተኛው ነው። መሬት ያለው ሰው መሬት የሌለውን ሰው የእጁን ሥራ በርካሽ እየወሰደ፣ ራሱን ሰውየውን ከማዕድ ለማራቅ ምክንያት ያስፈልገው ነበር። ቡዳ የሚለው ስም ያንን ምክንያት ሰጠው።

ሐረር ይህን ነገር በሌላ መልኩም ታውቀዋለች። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በዚህች ከተማ ሰው ይሸጥ ነበር። ከደጋው የተያዙ ልጆች በሐረር በኩል ወደ ዘይላ፣ ከዘይላ ወደ ዓረብ አገር፣ አንዳንዶቹም እስከ ህንድ ድረስ ይሄዱ ነበር። በልጅነቱ ከአገራችን ተሸጦ ህንድ የደረሰው ማሊክ አምባር በደካን የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን ሙጋሎች ሲመክት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1626 ሞቷል። እንደ እሱ ያልቀናቸው የአፍሪካውያን ዘሮች ሲዲ ተብለው በጉጃራትና በካርናታካ እስከ ዛሬ አሉ፤ ብዙዎቹም በድህነት ጠርዝ ላይ ይኖራሉ። ከህንድ ወደ ሐረር የመጡ ነጋዴዎች ደግሞ በእንጨት ሰገነት ያማሩ ቤቶች አሠርተው አልፈዋል፤ ቤቶቹ ዛሬም ቆመዋል። ሁለቱ አገሮች ከሸቀጥ በላይ የሚጋሩት ቁስል አለ።

በህንድ የካስት ሥርዓት ከሁሉ ታች ያደረጋቸው ዳሊቶች ናቸው። በብዙ የህንድ መንደሮች ሻይ ቤቶች ለዳሊት የተለየ ብርጭቆ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ አሁንም አልጠፋም። ከመካከላቸው የተወለደው ቢምራኦ አምበድካር ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች ተለይቶ ይቀመጥ፣ የውሃውን ዕቃ በእጁ እንዳይነካ ይከለከል ነበር። አድጎ፣ በኒውዮርክና በለንደን ተምሮ፣ የሕግ ሰው ሆኖ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1927 ማሃድ በምትባል ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስከትሎ ለእነሱ ከተከለከለ የሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ። ለአንድ እፍኝ ውሃ ተደበደቡበት። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ በላሆር የሚገኙ የካስት ተቃዋሚ ነን የሚሉ የላይኛው ወገን ሰዎች ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት። የጻፈውን አስቀድመው ሲያነቡ ደነገጡ፤ ስብሰባውን ሰረዙት። እሱም ንግግሩን በራሱ ወጪ አሳትሞ ለዓለም ሰጠው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለላሆር ሰዎች ስል ሳይሆን ለእኛ ስል ነው። ጋባዦቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ካስት ይጥፋ ይሉ ነበር። ጥፋቱ የራሳቸውን ቤት፣ የራሳቸውን ጋብቻ፣ የተቀደሰ ብለው የያዙትን መጽሐፍ ሲነካ ግን ወደ ኋላ አሉ። አምበድካር ያላቸው ግልጽ ነበር፤ አብሮ መብላት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም፤ ካስትን የሚያፈርሰው መጋባት ነው፣ ከዚያም በላይ ሥርዓቱን የሚባርከውን እምነት መተው ነው። እሱ የአርቃቂ ኮሚቴውን የመራበት የህንድ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ አንዱን ሰው የማይነካ አድርጎ መቁጠርን ከለከለ። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ይሠራል። ዛሬም ግን ህንድ ውስጥ ከሌላ ካስት በመጋባታቸው ብቻ የሚገደሉ ወጣቶች አሉ።

የእኛም የሕግ ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ እያለ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ ተናገሩ። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ተሻረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከሁሉም በላይ ሥሩን ነካው፤ መሬት እንዳይኖረው ተደርጎ ለኖረው ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ የማረስ መብት በሕግ ሰጠው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጹ ሰዎች ሁሉ በማኅበራዊ አመጣጥም ሆነ በትውልድ ሳይለዩ እኩል ናቸው ይላል። ቃሉ ሁሉ ተጽፏል። ኤረር በር ላይ ያለችው የጣሳ ኩባያ ግን አዋጅ አንብባ አልወረደችም።

ያልወረደችበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። አዋጅ የሚደርሰው ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት ነው። ካስት የሚኖረው ማዕድ ላይ፣ ሠርግ ላይና ቀብር ላይ ነው። ሐረሪዎች ለሠርግና ለሐዘን የሚደጋገፉበት አፎቻ አላቸው፤ እኛ ዕድር አለን። የአንድ ሰው ሙሉ ሰውነት የሚታወቀው እነዚህ ውስጥ ነው፤ ማን ሬሳህን ያነሣል፣ ማን ድንኳንህ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማን ልጁን ይሰጥሃል። በጃምዕ መስጊድ ሰጋጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ ረድፍ ይቆማሉ። የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላል ባሪያ የነበረ ሰው መሆኑን፣ ያውም የሐበሻ ዘር መሆኑን፣ እዚህ ያልሰማ ልጅ የለም። እኛም በቤተ ክርስቲያን የምንሰግድለት ጌታ የአናጢ ልጅ ተብሎ እንደተናቀ ተምረናል። ሁለታችንም ይህን እያወቅን ከጸሎት ስንወጣ አጥንት ወደ መቁጠር እንመለሳለን። ሃይማኖታችን ያስተማረንን በደጃፉ ጥለን የምንወጣ ከሆነ ጥፋቱ የእኛ የምእመናኑና የመምህራኖቻችን ነው።

ሲመሽ ከግንቡ ውጪ ጅብ የሚያበሉትን ሰዎች ለማየት ወጣሁ። ሐረር ለዚህ የታወቀች ናት። በጁገል ግንብ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል፤ በዓሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል የሚል የቆየ ልማድም አለ። ሰውየው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። ሥጋ በአጭር እንጨት ላይ ጠምጥሞ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ፊቱን ወደ ጅቡ ያቀርባል። ጅቡም ቀስ ብሎ ይወስዳል። የጅቡ ትንፋሽ የሰውየውን ጉንጭ ሲነካ አየሁ። በደጋው ያደግሁባት አገሬ ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብላ ታምን ነበር፤ በዚህ እምነት ሰው ከማዕድ ተባሯል፣ ተደብድቧል፣ ከመንደር ተሰድዷል። እዚህ ደግሞ እውነተኛው ጅብ በስሙ ተጠርቶ ከሰው አፍ ይጎርሳል። የሐረር ሰዎች ከአውሬ ጋር በሰላም መኖር እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህን የቻለ አገር ብረት ከሚሠራ ወንድሙ ጋር በአንድ ብርጭቆ ሻይ መጠጣት አይሳነውም።

«ይህ ያለፈ ነገር ነው፣ ከተማ ውስጥ ማን ይጠይቃል» የሚሉ አሉ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች የሠሩትን ጥበብ ለበዓል ለብሰን እንኮራለን፤ ዋጋውም ዓመት በዓመት ይወደዳል። ደስ ይላል። ግን ያንኑ ቀሚስ ለብሳ የተዳረች ልጅ ቤተሰቦች የሸማኔውን ልጅ እንደ አማች ይቀበሉ እንደሆነ በየቤታችን እንጠይቅ። ነገሩ ባሕር ማዶም ይከተላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሲያትል ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በካስት ማግለልን በሕግ ከልክሏል፤ ሕጉ የወጣው ህንዳውያኑ አገር ቀይረውም ካስታቸው አብሯቸው ስለሄደ ነው። የእኛም አጥንት ቆጠራ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ እንደሚሄድ በውጭ አገር ልጁን የዳረ ሁሉ ያውቃል።

«ባህል ነው» የሚሉም አሉ። ባህል ሰው የሠራው ነው፤ ሰው ይተወዋል። እንኳን ይህ፣ ሰው መሸጥም ባህል ነበር።

ስለዚህ ቃሌ እንደ እኔ ከላይኛው መደብ ለተወለዱት ነው። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ የሚተዉት ነገር የላቸውም፤ የሚተው ነገር ያለን እኛ ነን። ልጃችሁ የፉጋ፣ የማንጃ፣ የጡምቱ፣ የወይጦ ልጅ ወድጃለሁ ስትላችሁ ስለ ሰውየው ጠባይ ጠይቁ እንጂ አጥንት አትቁጠሩ፤ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትላኩም ዘር የሚጠይቀውን ጥያቄ አታንሡ። በዕድራችሁና በአፎቻችሁ መዝገብ የማን ስም እንደሌለ ተመልከቱና በስብሰባ አንሡት። መምህራን፣ ክፍላችሁ ውስጥ ልጅ በስሙ እንጂ በአባቱ ሥራ እንዳይጠራ ዛሬውኑ ከልክሉ። ካህናትና ሼኾች፣ ቡዳ የሚባል የሰው ዘር እንደሌለ በዓውደ ምሕረትና በሚንበር በግልጽ ተናገሩ፤ ዝም ያላችሁበት ዘመን ረዝሟል። ሕግ አውጪዎችም ይህን ማግለል በስሙ ጠርታችሁ ቅጣት አስቀምጡለት። ካስት ከላይ ያሉት ሲተዉት ይሞታል፤ ካልተዉት ሕገ መንግሥት ብቻውን አይገድለውም። የአገራችንን ማረሻ የሠራው እጅ ከማዕዳችን ተለይቶ የሚቆይበት አንድም ምክንያት የለም፤ ኖሮም አያውቅም።